በአራት ባቡር ከስቶክሆልም ሮም፦ ጉዞውን እንዴት እናቅድ?

ባለቤቴ አውሮፕላን አትሳፈርም። ለምን እንደሆነ ጠይቄ ጠይቄ ትቼዋለሁ። ቤታችን ስቶክሆልም፣ የእህቷ ቤት ሮም ስለሆነ ሌላው ሰው ከሦስት ሰዓት ብዙም በማያልፍ በረራ የሚገላገለውን መንገድ እኛ ሁለት ቀንና ሁለት ሌሊት እንሄደዋለን። መጀመሪያ ሰሞን ያልሠራነው ስሕተት አልነበረም። አሁን ዘመድ ወዳጁ «እንዴት ብላችሁ ነው?» እያለ ሲደውል፣ ለእያንዳንዱ ከመተረክ አንድ ጊዜ መጻፉ ይሻላል ብዬ ነው። ዓመታቱንና የባቡሮቹን ሰዓት የጻፍኩት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

መንገዱ ይህን ይመስላል። ከስቶክሆልም ኮፐንሃገን 5 ሰዓት ተኩል ያህል፣ ከኮፐንሃገን ሃምቡርግ 5 ሰዓት የማይሞላ፣ ከሃምቡርግ ሙኒክ 6 ሰዓት ገደማ፣ ከሙኒክ ሮም ደግሞ በሌሊት ባቡር 13 ሰዓት ያህል። አራት ባቡር፣ ሦስት መቀየሪያ። መቀመጫው ላይ ተደላድሎ በመስኮት እያየ የሚጨነቅ መንገደኛ የለም። ጭንቁ ያለው ሦስቱ መቀየሪያዎች ላይ ነው፤ ዕቅድ ስንል የእነሱን ዕቅድ ማለታችን ነው።

1. ከመጨረሻው ባቡር ተነሡ

አብዛኛው ሰው ከቤቱ ደጃፍ ይጀምርና ወደ ፊት ይቆጥራል። እኔ ወደ ኋላ ቁጠሩ እላለሁ። ከአራቱ ባቡሮች ውስጥ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ የሚነሣው የትኛው እንደሆነ ፈልጉ፤ ሌላው ሁሉ ለእሱ ይገዛል። በዚህ መንገድ ላይ እሱ የኦስትሪያ ባቡር ድርጅት «ናይትጄት» የሚለው የሙኒክ የሌሊት ባቡር ነው። ከሃምቡርግ ወደ ሙኒክ በየሰዓቱ ገደማ ባቡር አለ፤ ከኮፐንሃገን ወደ ሃምቡርግም በቀን ብዙ ጊዜ ይሄዳል። እነዚህ ቢያመልጡ ቡና ጠጥቶ ቀጣዩን መጠበቅ ነው። የሌሊቱ ባቡር ያመለጠው ግን እስከ ማግስቱ ማታ ይጠብቃል፤ ያውም አልጋ ከተገኘ።

ስለዚህ መጀመሪያ የሌሊቱን ባቡር ቀን ምረጡ። ሐዲድ በሚጠገንበት ወቅት የማይሄድበት ወይም መንገድ የሚቀይርበት ቀን ስላለ፣ ያሰባችሁትን ዕለት ራሱን ፈትሹ። ከሙኒክ የሚነሣው በ20:00 ገደማ ነው እንበል። ወደ ኋላ ስትቆጥሩ ከሃምቡርግ ጠዋት በ9:00 ወይም በ10:00 የሚነሣ ባቡር ያስፈልጋችኋል፤ ይህም ዋዜማውን ሃምቡርግ አድራችኋል ማለት ነው። ሃምቡርግ ለማደር ከስቶክሆልም በማለዳ መነሣት ይበቃል።

በአንድ ትንፋሽ ልሂድ የሚል ወጣት ይኖራል። ያገራችን የድሮው ምድር ባቡር እንኳ በመጀመሪያዎቹ ዘመናት ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሲመጣ ድሬዳዋና አዋሽ ላይ ያድር ነበር። ሆቴሉን ከሃምቡርግ ዋናው ጣቢያ በእግር በሚደረስበት ርቀት ያዙ። ርካሽ ነው ብላችሁ ከከተማ ዳር ከያዛችሁ፣ ያተረፋችሁትን ጠዋት ለታክሲ ትከፍሉታላችሁ።

የሌሊት ባቡር የማይስማማው ሰው ከሙኒክ ጠዋት ተነሥቶ በብሬነር ተራራ መተላለፊያ በኩል ቦሎኛ፣ ከዚያ በፈጣን ባቡር ሁለት ሰዓት በሚሆን ጊዜ ሮም መግባት ይችላል። መልክዓ ምድሩን በብርሃን ያያል። ግን አንድ ተጨማሪ የሆቴል ሌሊትና አንድ ተጨማሪ መቀየሪያ ይከፍላል።

2. ሰዓቱን በአውሮፓ አቆጣጠር ጻፉ፣ በአበሻ አቆጣጠር ተናገሩ

ይህን የሚያህል የእኛ ብቻ የሆነ ወጥመድ የለም። ቲኬቱ ላይ 20:10 የሚለው ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ10 ነው። ለራሳችሁ በወረቀት ስትጽፉ እንደ ቲኬቱ በሃያ አራት ሰዓት አቆጣጠር ብቻ ጻፉ፤ አትተርጉሙ። ለቤተሰብ ስትነግሩ ግን «ጠዋት»፣ «ማታ» የሚለውን ቃል ሳትጨምሩ ሰዓት አትጥሩ። በመጀመሪያው ጉዟችን ለባለቤቴ እህት ባል «በ9 ሰዓት ሮም እንገባለን» አልኩት። እኔ የቲኬቱን ቁጥር እያነበብኩ ነበር፤ እሱ ደግሞ በደንብ ያደገ የጎጃም ልጅ ነውና ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ፣ ከሥራ አስፈቅዶ፣ አበባ ይዞ መጣ። እኛ ስድስት ሰዓት ሙሉ ሻንጣ ላይ ተቀምጠን ጠብቀነዋል። ስልኬ ደግሞ ሌሊቱን ባትሪ ጨርሶ ነበር።

ሁለተኛው የሰዓት ወጥመድ እኩለ ሌሊት ነው። በ00:20 የሚነሣ ባቡር ቲኬቱ ላይ የሚጻፈው የአዲሱ ቀን ቀን ነው። «ማክሰኞ ማታ እሄዳለሁ» ብሎ ያሰበ ሰው መቁረጥ ያለበት የረቡዕን ነው።

ቀን ስታሰሉ ሁለት ነገር አትርሱ። በአውሮፓ የባቡር ሰሌዳ በየዓመቱ በዲሴምበር ወር አጋማሽ፣ የገና በዓል ከመድረሱ በፊት ይለወጣል፤ ባለፈው ዓመት የሄዳችሁበት ሰዓት ዘንድሮ ላይኖር ይችላል። በማርችና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑዶች ሌሊት ደግሞ ሰዓቱ ራሱ ይዞራል።

3. ለመቀየሪያው ጊዜ ስጡት

የጉዞ መፈለጊያው መተግበሪያ «8 ደቂቃ ይበቃል» ቢላችሁ ውሸት አይደለም። ለሩጫ ያበቃል። ማሽኑ ግን ሦስት ሻንጣ፣ አንድ ሕፃን እና ጉልበቷን የሚያማት እናት እንዳላችሁ አያውቅም። የጀርመን ባቡር ድርጅት ራሱ ባወጣው ቁጥር በ2024 ረጅም መንገድ ከሚሄዱት ባቡሮቹ በሰዓቱ የተገኙት 62.5 በመቶ ናቸው፤ እዚያ «በሰዓቱ» ማለት ደግሞ ከ6 ደቂቃ በታች የዘገየ ማለት ነው። በስድስት ደቂቃ መዘግየት የ8 ደቂቃ መቀየሪያ አበቃለት።

እኔ የምሠራበት ልክ ይህ ነው። ቀጣዩ ባቡር በየሰዓቱ የሚሄድ ከሆነ 30 ደቂቃ፣ ድንበር የሚሻገር ከሆነ አንድ ሰዓት፣ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ የሚነሣ ከሆነ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት። ሙኒክ ላይ አራት ሰዓት መቀመጥ ብዙ ይመስላል። ባቡሩ ሁለት ሰዓት በዘገየ ቀን ግን ጥጋብ ነው።

ጣቢያዎቹን በስም እወቋቸው። ሃምቡርግ ጠባብና የተጨናነቀ ነው፤ ዋናውን ጣቢያ ከዳምቶር ወይም ከአልቶና ጣቢያ ጋር አታምታቱ፣ ሦስቱም ሃምቡርግ ይባላሉ። ሙኒክ ሐዲዱ የሚያበቃበት ጣቢያ ነው፤ ከ5 እስከ 10 እና ከ27 እስከ 36 ያሉት የሐዲድ ቁጥሮች ከዋናው አዳራሽ ወደ ጎን ገብተው ስለሚገኙ እግር ይጠይቃሉ። በቀኑ መንገድ የምትሄዱ ደግሞ ቦሎኛ ላይ ተጠንቀቁ። ፈጣን ባቡሮቹ የሚቆሙባቸው ከ16 እስከ 19 ያሉት ከመሬት በታች፣ ብዙ ደረጃ ወርዶ ነው ያሉት። ከላይኛው ሐዲድ እስከዚያ ለመውረድ አሥር ደቂቃ ያዙለት። አሳንሰር አለ፤ ወረፋም አለ።

ኮፐንሃገን ቀላሉ ነው። ድሮ ከዚያ ወደ ሃምቡርግ የሚሄደው ባቡር ራሱ ከነመንገደኛው መርከብ ላይ ተጭኖ ባሕሩን ይሻገር ነበር፤ በ2019 መጨረሻ ቀረ። አሁን በዩትላንድ ባሕረ ገብ መሬት ዞሮ ይሄዳል። የመርከቡን የሚናፍቁ ሰዎች አውቃለሁ፤ እኔ ባሕር ስለሚያዞረኝ አልናፍቅም። ከስቶክሆልም ስትመጡ ባቡሩ ኮፐንሃገን ድረስ የማይዘልቅ ከሆነ ማልመ ላይ ወርዳችሁ በ2000 የተከፈተውን የኧረሱንድ ድልድይ በሚሻገረው ባቡር ትቀጥላላችሁ፤ እሱ በየጊዜው ስላለ አያስጨንቅም።

4. ቲኬት አቆራረጥ

ገንዘብም መብትም የሚጠፋው እዚህ ነውና በዝግታ አንብቡት።

አውሮፓ ውስጥ ከስቶክሆልም ሮም ድረስ የሚያደርስ አንድ ቲኬት የሚቆርጥ መስኮት አታገኙም። መቁረጥ የሚቻለው በቁርጥራጭ ነው። ጥያቄው ቁርጥራጩ የት ላይ ይሁን የሚለው ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከ2023 አጋማሽ ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለው የባቡር መንገደኞች መብት ደንብ ከአንድ ድርጅት በአንድ ግዢ የተቆረጡ ተከታታይ ባቡሮችን እንደ አንድ ጉዞ ይቆጥራል። የመጀመሪያው ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጣችሁ ወደ መድረሻችሁ የማድረስ ግዴታ የሻጩ ነው። ለየብቻ የቆረጣችኋቸው ከሆኑ ግን ሁለተኛው ድርጅት «እኔ በሰዓቴ ሄድኩ» ይላችኋል፤ እውነቱን ነው።

ስለዚህ የቁርጥራጩን ስፌት ማታ በምታድሩበት ቦታ ላይ አድርጉት። ከስቶክሆልም ሃምቡርግ ያለው አንድ ግዢ፣ ሌሊቱ በመሐል፣ ከዚያ ከሃምቡርግ ሮም ያለው ሌላ ግዢ። ከሃምቡርግ ሙኒክ ያለውን ከሌሊቱ ባቡር ጋር በአንድ ግዢ ከጀርመኑ ወይም ከኦስትሪያው ድርጅት ማግኘት ከተቻለ፣ ጥቂት ዩሮ ቢወደድም አትሰስቱ። የመጀመሪያው ቀን መዘግየት ከሁለተኛው ቀን ጋር የማይገናኘው በእንቅልፋችሁ ምክንያት ነው።

ርካሹ ቲኬት ቁጥሩ የተወሰነ ነው፤ ቀድሞ የመጣ ይወስደዋል። ለክርስትና ለሚሄድ ሰው ይህ ምቹ ነው፦ ሴት ልጅ በ80፣ ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ስለሚነሣ፣ ሕፃኑ በተወለደ ዕለት የጉዞውን ቀን ታውቃላችሁ። ሠርግና ክርስትና ይህን ያህል ጊዜ ይሰጣሉ። ለለቅሶ የሚሄድ ሰው ግን ሙሉውን ዋጋ ይከፍላል፤ ምንም ማድረግ አይቻልም። ርካሹ ቲኬት በተቆረጠበት ባቡር ብቻ ያስኬዳል፣ ብዙ ጊዜም ገንዘቡ አይመለስም።

ከሁለት ሰው በላይ ከሆናችሁ ወይም ደርሶ መልሱን ከሌላ ከተማ ጋር ማጣመር ካሰባችሁ ኢንተርሬይል የተባለውን ማለፊያ አስሉት። ለአውሮፓ ነዋሪዎች የሚሸጥ ስለሆነ ዜግነታችሁ ኢትዮጵያዊ ቢሆንም በመኖሪያ ፈቃዳችሁ ትገዛላችሁ፤ ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ የሚገዛው ዩሬይል የሚባለውን ነው። ከ12 ዓመት በታች ያሉ ልጆች፣ ለአንድ አዋቂ ሁለት ድረስ፣ ማለፊያው በነጻ ይሰጣቸዋል። ግን ማለፊያው አልጋ አይጨምርም፤ የሌሊቱን ባቡር ቦታ ለብቻ ከፍላችሁ ታስይዛላችሁ፣ ለማለፊያ ባለቤቶች የተመደበው ቦታም ቶሎ ያልቃል። በምትኖሩበት አገር ውስጥም የሚያገለግለው አንዴ ለመውጣት፣ አንዴ ለመመለስ ብቻ ነው።

መቀመጫ ማስያዝ፦ በስዊድን ፈጣን ባቡር ከቲኬቱ ጋር ይመጣል፤ በሌሊት ባቡር ግዴታ ነው። በጀርመን ግዴታ ባይሆንም ያዙ፤ ስድስት ሰዓት በር ሥር ሻንጣ ላይ መቀመጥ ቀልድ አይደለም። ባቡሩ ከተነሣ በ15 ደቂቃ ውስጥ ካልተቀመጣችሁበት ግን ያስያዛችሁት ቦታ ለሌላ ሰው ይፈቀዳል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ቁጭ በሉ፣ ሻንጣ የማስተካከሉ ነገር ይደርሳል። በሌሊት ባቡር ላይ ያለው ምርጫ በአብዛኛው ሦስት ነው፦ ተራ መቀመጫ፣ ተደራራቢ መደብ ያለው የአራት ወይም የስድስት ሰው ክፍል፣ እና ለአንድ እስከ ሦስት ሰው የሚሆን መኝታ። ተራውን መቀመጫ ለጠላቴም አልመክርም። ብቻዋን የምትሄድ ሴት የሴቶች ብቻ ክፍል መጠየቅ ትችላለች።

ስም ስትሞሉ ፓስፖርታችሁን አጠገባችሁ አድርጉ። በእኛ ፓስፖርት የራስ፣ የአባትና የአያት ስም በተርታ ይሰፍራል፤ የቲኬቱ ቅጽ ግን የሚጠይቀው የራስና የቤተሰብ ስም ነው። በመኖሪያ ፈቃዳችሁ ላይ የቤተሰብ ስም ተብሎ የተጻፈውን፣ ፊደሉን ሳትለውጡ ገልብጡ። አንዱ ቦታ በአንድ «ኤስ»፣ ሌላው ቦታ በሁለት የተጻፈ ስም ከተቆጣጣሪ ጋር ግማሽ ሰዓት ያከራክራል።

5. ሰነድ

ድንበር የለም ተብሎ የሚወራው ቁጥጥር የለም ማለት አይደለም። ፖሊስ በዴንማርክና በጀርመን ወሰን፣ በጀርመንና በኦስትሪያ ወሰን ባቡር ላይ ወጥቶ ወረቀት ሊጠይቅ ይችላል፤ ስትመለሱም ስዊድን መግቢያ ላይ። የመኖሪያ ፈቃድ ካርድ ብቻውን አይበቃም፤ ፀንቶ ያለ ፓስፖርት ወይም የጉዞ ሰነድ አብሮ ያስፈልጋል። ጥገኝነት ጠይቆ ውሳኔ የሚጠብቅ ሰው በያዘው ካርድ ይህን ጉዞ አይሞክረው። ሰነዱ ከእናንተ ጋር እንጂ በር አጠገብ በተቆለለው ሻንጣ ውስጥ አይሁን።

6. ጣቢያው ውስጥ

የሐዲዱ ቁጥር በስዊድን «ስፖር»፣ በጀርመን «ግላይስ»፣ በጣሊያን «ቢናሪዮ» ይባላል። ሰሌዳው ላይ የከተማችሁን ስም አትፈልጉ፤ የሚጻፈው ባቡሩ መጨረሻ የሚደርስበት ነው። ከቦሎኛ ሮም የሚሄደው ባቡር ብዙ ጊዜ «ናፖሊ» ወይም «ሳሌርኖ» ይላል። በጣሊያንኛ ሙኒክ «ሞናኮ» ትባላለች፤ ስትመለሱ ወደ ባለጠጎቹ የባሕር ዳር አገር የሚወስዳችሁ እንዳይመስላችሁ። የማያሳስተው የባቡሩ ቁጥር ነውና እሱን በትልቁ ጽፋችሁ ያዙ።

በጀርመን የመሳፈሪያው መድረክ ከሀ እስከ ሠ እንደምንለው በላቲን ፊደላት ተከፋፍሏል፤ ፉርጎአችሁ የትኛው ፊደል ሥር እንደሚቆም እዚያው በስክሪን ይታያል። ባቡሩ 400 ሜትር ያህል ሊረዝም ስለሚችል በተሳሳተው ጫፍ መቆም ማለት በሰው መሐል ሻንጣ እየጎተቱ መሮጥ ነው። በመንገድ ላይ ለሁለት የሚከፈሉ ባቡሮችም አሉ፤ የሌሊቱ ባቡርም ከቪየና የሚመጡ ፉርጎዎች ሊቀላቀሉት፣ ሊለዩትም ይችላሉ። ከሚያምር ፉርጎ ይልቅ ቲኬታችሁ ላይ ባለው ቁጥር ፉርጎ ውስጥ ተኙ።

7. ስንቅ

የሌሊቱ ባቡር ለባለመደቡና ለባለመኝታው ቁርስ ያቀርባል፤ በጾም ቀን ግን ከዳቦና ማርማላት በቀር የሚጠቅም የለውም። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በሶ ያዙ። ለእህቷ የምንወስደው በርበሬ በሦስት ፌስታል ታስሮ ዕቃ ማስቀመጫው ላይ ይወጣል፤ ያም ሆኖ አንድ ጊዜ ሙሉ ፉርጎ ሲያስነጥስ ሰምቻለሁ።

8. ቢያመልጣችሁስ?

አትሩጡ፤ መጀመሪያ ፎቶ አንሡ። የዘገየውን ባቡር ቁጥርና የመዘግየቱን ደቂቃ የሚያሳየውን ስክሪን። ቀጥሎ ወደ መረጃ መስኮት ሂዱና መዘግየቱን የሚያረጋግጥ ማስረጃ ጠይቁ። በጀርመን መድረሻችሁ ላይ 20 ደቂቃና ከዚያ በላይ እንደምትዘገዩ ከታወቀ፣ በአንድ ባቡር የተወሰነው ርካሽ ቲኬት ነጻ ይወጣል፤ በሌላ ባቡር መቀጠል ትችላላችሁ።

መዘግየቱ 60 ደቂቃ ከደረሰ የኅብረቱ ደንብ ምርጫ ይሰጣችኋል፦ ገንዘባችሁን ተቀብላችሁ መተው ወይም በሌላ መንገድ መቀጠል። ድርጅቱ በ100 ደቂቃ ውስጥ አማራጭ ካልነገራችሁ በሌላ ባቡር ወይም አውቶቡስ ቲኬት ራሳችሁ ቆርጣችሁ ተገቢውን ወጪ መጠየቅ ትችላላችሁ። ማደር ግድ ከሆነ ሆቴል የሚያቀርበው ድርጅቱ ነው፤ ስለዚህ በራሳችሁ ከመያዛችሁ በፊት መስኮቱን ጠይቁ። ካሣው ከ60 እስከ 119 ደቂቃ ለሆነ መዘግየት የቲኬቱ ዋጋ 25 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ለሆነ 50 በመቶ ነው፤ እንደ ከባድ አውሎ ነፋስ ያለ ከድርጅቱ አቅም በላይ የሆነ ምክንያት ከሌለ። ማመልከቻው በሦስት ወር ውስጥ መግባት አለበት። እኔ ቤት እንደገባሁ፣ ሻንጣ ሳልፈታ እሞላዋለሁ፤ ነገ የተባለ ካሣ ሲከፈል አላየሁም።

9. ሮም ስትደርሱ

የምትወርዱት ቴርሚኒ ይሁን ቲቡርቲና ቲኬቱን እዩ። ቴርሚኒ ከሆነ ወጥታችሁ የምትቆሙበት ሰፊ አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ» ይባላል። አምስት መቶዎቹ በጃንዋሪ 1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር የወደቁት የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። የመታሰቢያ ሐውልታቸው ከአደባባዩ ጥቂት እርምጃ ወረድ ብሎ ይገኛል። ከለገሃር ጣቢያ ፊት ለፊት የተነቀለው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት በወረራው ዘመን መጥቶ የተተከለው እዚሁ ሐውልት ሥር ነበር፤ በ1960ዎቹ ወደ አገሩ ተመለሰ። ከባቡር ጣቢያ ተነሥቶ ባቡር ጣቢያ አጠገብ የሰነበተ መንገደኛ።

የጣቢያው በሮች ብዙ ስለሆኑ «ቴርሚኒ ጠብቀኝ» ማለት ምንም ማለት አይደለም። እኛ የምንገናኘው ከሐውልቱ ሥር ነው። የባለቤቴ እህት ባል አሁን ከሙኒክ መልእክት ስልክለት መልሶ የሚጽፍልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «የጠዋቱ 3 ነው የቀኑ 9?»